ወፍ ቆጥሮ እንጀራ የበላ ማን ነው?

ሰናይት_ታቦር | ሰኞ ማታ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ የሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። የተፈጥሮ ክበባችን ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል እየሄዱ ያዩትን በደብተር ማስፈር ጀምረዋል። ወፍም፣ ዛፍም፣ ዓሣም፣ ያገኙትን ሁሉ። በወላጆች ስብሰባ ላይ ለሁለት ባይኖኩላር የሚሆን ገንዘብ ጠየቅኩ። አንድ አባት ተነሡና «መምህርት፣ ወፍ ቆጥሮ እንጀራ የበላ ማን ነው? ይልቅ ኮዲንግ አስተምሩልን» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰብሳቢው «እስቲ እናየዋለን» ብለው አለፉት። እናየዋለን ተብሎ የታየ ነገር እስካሁን አልገጠመኝም።

ለሚቀጥለው ስብሰባ መልስ ይዤ መሄድ እፈልጋለሁ። «ተፈጥሮን መውደድ ጥሩ ነው» የሚለውን አትንገሩኝ። እሱን ሁሉም ሰው ይላል፣ ከዚያ ቤቱ ይገባል። በተጨባጭ ንገሩኝ። ዝም ብሎ ማየትና መመዝገብ ለሳይንስም ለሕዝብም ምን ሠርቶ ያውቃል?

አባ_ኮዳ | ማታ 2፡31

እኔ አለሁ! ወፍ ቆጥሬ እንጀራ የምበላው እኔ ነኝ፤ አባትየውን አምጪልኝ።

አስጎብኚ ነኝ። ሀገራችን ውስጥ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ ተመዝግቧል። ፈረንጆቹ ዝርዝራቸውን ይዘው ይመጣሉ። አንዳንዱ ነጭ ሳር ፓርክ ድረስ የሚወርደው ማንም በወጉ ያላየውን ወፍ ፍለጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 አጥኚዎች እዚያ መንገድ ላይ መኪና የገጨው ወፍ አገኙ። የተረፈው አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። ክንፏን ይዘው ሄዱ፣ ሙዚየም ካሉት ጋር አስተያዩ፣ ከየትኛውም ጋር አልገጥም አለች። በ1995 በዚያች ክንፍ ብቻ አዲስ ዝርያ ተብሎ ስም ወጣለት። ከዚያ ወዲህ ሙሉ ናሙና አልተገኘም። ለአንድ ክንፍ ብሎ ከአውሮፓ የሚመጣ ሰው አለ፤ ሆቴል ያድራል፣ መኪና ይከራያል፣ ምሳ ይበላል።

ልጆቹ ግን አባ ኮዳ ከሚባለው ትልቅ ወፍ ይጀምሩ። ዓሣ ገበያው ጋ ሞልቷል፣ ሰውም አይፈራም። እግሩን አስተውለው ይዩት። ኖራ የተቀባ ይመስላል። የራሱ ኩስ ነው። ሙቀት ሲበዛበት እግሩ ላይ ይለቀዋል፤ ኩሱ ሲተን ሰውነቱን ያቀዘቅዝለታል። ሥሩ ያለው ቆዳ ጥቁር ነው። ጠዋት በብርዱና ቀትር ላይ ሄደው ቢያወዳድሩት ራሱን የቻለ ጥናት ይወጣዋል።

ጌታሁን_ፒያሳ | ማታ 2፡50

በቅንነት ውሰዱልኝ። አባትየው ልክ ናቸው።

አስጎብኚ ስንት ሰው ይሆናል? እዚህ ከተማ ዲግሪ ይዞ ባጃጅ የሚነዳ ሞልቷል። ሳይንስ ዛሬ ያለው ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ዲኤንኤ ነው፣ ኮምፒውተር ነው። ቢራቢሮ እያሳደዱ ስም ማውጣት የድሮ የፈረንጅ ባላባቶች ጊዜ ማሳለፊያ ነበር። እነሱ ጊዜም ገንዘብም ነበራቸው። እኛ የቱ አለን?

ናሙና_ክፍል | ማታ 3፡15

ጌታሁን ወንድሜ፣ እኔ ያልከው ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

በኮቪድ ጊዜ አፍንጫህ ውስጥ እንጨት ገብቶ ናሙና ተወስዶብህ ከሆነ፣ ውጤትህን ያወጣው ፒሲአር የሚባለው ዘዴ ነው። ፒሲአር ናሙናውን ወደ መፍላት እስኪጠጋ ደጋግሞ ማሞቅ ይፈልጋል። ሥራውን የሚሠራው ኢንዛይም ተራ ከሆነ እዚያ ሙቀት ላይ ይበላሻል። የማይበላሸው ኢንዛይም የተገኘው የሎውስቶን ከሚባለው የአሜሪካ ፓርክ፣ ከፍል ውሃ ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ ነው። በ1966 ቶማስ ብሮክ የሚባል ተመራማሪና ሃድሰን ፍሪዝ የሚባል ተማሪው ባክቴሪያውን ለዩት። ፒሲአር የሚባል ነገር ያኔ አልነበረም። ማወቅ የፈለጉት እንዲህ በሚፋጅ ውሃ ውስጥ ምን ሊኖር እንደሚችል ነበር። ስም ሰጥተው፣ ሌላ ሰው ሊያገኘው በሚችልበት የባክቴሪያ ስብስብ ውስጥ አስቀመጡት። የፒሲአር ሐሳብ የመጣው በ1983 ነው። 17 ዓመት ሙሉ ማንም «ምን ጠቀመ?» ብሎ አልጣለውም።

ወንዶ ገነት ፍል ውሃ ከዚህ ስንት ደቂቃ ነው? እኛ ሄደን የምንታጠብበት ነው።

አሁን ወደ ወባ ልምጣ። የለመድናት የወባ ትንኝ ዝናብ ያቆረው ውሃ ላይ ነው የምትራባው። በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ከተሰበሰቡት ትንኞች መካከል እዚህ ሀገር ታይቶ የማያውቅ ዝርያ ተገኘ። አኖፊለስ ስቴፈንሲ ይባላል፤ አመጣጡ ከእስያ በኩል ነው። ከተማ ይወዳል። ሮቶና በርሜል ውስጥ ይራባል። ዝናብ አይጠብቅም። በ2022 ድሬዳዋ ላይ በበጋ ወባ ሲነሣ ዋናው ተጠያቂ እሱ ሆነ። እንግዲህ አስበው፤ ለአብዛኛው ሰው ትንኝ ትንኝ ነው። ጤና ቢሮው «የዝናብ ውሃ አፋስሱ» እያለ ሲያስተምር ትንኙ ጣሪያ ላይ ሮቶ ውስጥ ይፈለፈላል። የትንኙን እጭ ከበርሜል ቀድቶ፣ ማጉያ ሥር አድርጎ፣ «ይህ የእኛው አይደለም» የሚል ሰው ያስፈልጋል። ዲኤንኤውም ያግዛል። ግን አስቀድሞ ተለይቶ ስም የተሰጠው ናሙና ከሌለ ዲኤንኤው ከምን ጋር ይመሳከራል? ዝም ብሎ የፊደል ድርድር ነው።

ጌታሁን_ፒያሳ | ማታ 3፡22

የሎውስቶን አሜሪካ ነው። በጀት አላቸው። የእኛን ሰው አምጡ።

እትዬ_ነርስ | ማታ 3፡48

ጌታሁን ልጄ፣ የእኛን ካልክማ እኔ ልንገርህ። ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ።

ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 (እሱም በፈረንጅ ነው) ቢልሃርዚያን ሊያጠኑ አድዋ ሄዱ። በሽታውን የሚያመጣው ትል ከዕድሜው ከፊሉን የሚያሳልፈው ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። ወንዙ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ዶክተሩ ሲያዩ ከእጥበቱ በታች ያለው ቀንድ አውጣ ሞቷል። ከእጥበቱ በላይ ያለው ደኅና ነው። በቃ፣ ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ከዚህች ነው። ያንን ወንዝ ስንቱ ተሻግሮታል፣ ስንቱስ ከብት አጠጥቶበታል። እሳቸው ግን ቀንድ አውጣውን ያውቁት ነበር፤ ስለዚህ ሞቱ ታያቸው። ከዚያ እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል በጥናት አረጋገጡ። ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ዓመታት ሠሩበት። በ1989 ሁለቱም ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሸለሙ። በጀቱማ የሴቶቹ እንዶድ ነበር።

እኛም ሐይቅ ዳር ቢልሃርዚያ አለ። በሥራ ዘመኔ ደም የቀላቀለ ሰገራ ይዘው የሚመጡ ስንት ልጆች አይቻለሁ፤ ሁሉም ሲንቦጫረቁ የዋሉ ናቸው። ቀንድ አውጣው በየትኛው ዳርቻ፣ በየትኛው ወር እንደሚበዛ የሚያውቅ ልጅ ለጤና ጣቢያ ትልቅ ነገር ነው።

መምህርት፣ ልጆቹ ውሃው ውስጥ እንዳይገቡ ግን አደራ። ከዳር ቆመው ይዩ።

የሐይቁ_ልጅ | ማክሰኞ ጠዋት 1፡05

ሌሊቱን ሐይቅ ላይ ዓሣ ሳጠምድ ስለነበርኩ አሁን ነው ያነበብኩት።

እኔ ስለ ቆሮሶ ዓሣ ላውራ፤ የማውቀው እሱን ነው። ሴቷ እንቁላሏን የምትይዘው በአፏ ነው። ቢጫ ነው። በዚያ ጊዜ ምግብ አትበላም። ከተፈለፈሉ በኋላም አደጋ ሲመጣ ልጆቿ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። መረቡን ወደ ጀልባ ስንስብ ትደነግጥና ትተፋቸዋለች። እንቁላሉ እጅህ ላይ፣ ጀልባው ወለል ላይ ይቀራል። የሚራባው ዳር ዳሩን፣ ቄጠማና ሣር ባለበት ነው። ጠባብ ዓይን መረብ እዚያ ዳር ከተጣለ የያዝከው የዛሬን ዓሣ ብቻ አይደለም።

ይህን አባቴ ከእኔ በላይ ያውቃል። የት እንደምትራባ፣ ንፋስ ከየት ሲመጣ እንደምትርቅ። ግን «የዘገየችው የትኛው ዓመት ነው?» ብትለው «ታናሽህ የተወለደ ጊዜ» ይልሃል። ስለ መረብ ስብሰባ እንጠራለን። እንናገራለን። «ማስረጃችሁ የት አለ?» እንባላለን። የተጻፈ ስለሌለን ሁሌ ተሸንፈን እንወጣለን። የአባቴ ዕድሜ ልክ እውቀት አንድ ገጽ ወረቀት አላሸነፈም።

መምህርት፣ ልጆቹን ጠዋት መረብ ሲወጣ ይዘሽ ነይ። ከአባቴ ጎን ቁጭ ብለው ይጻፉ።

ሰናይት_ታቦር | ማክሰኞ 7፡20

የሐይቁ ልጅ፣ ይህን ነገር ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር። እመጣለሁ። እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ የእንዶዱን ታሪክ ስሙን እንጂ እንዲህ ዘርዝሮ የነገረኝ አልነበረም።

አወያይ | ማክሰኞ 8፡00

ከርዕሱ የወጡና ሰው የሚያስቀይሙ አስተያየቶች ተነሥተዋል። እባካችሁ ስለ ወፍና ዓሣ እንኳ ሳንጣላ እናውራ።

ዘር_አሳዳጊ | ማክሰኞ ማታ 1፡40

የግብርና ሰው ነኝ። «የእኛን አምጡ» ለተባለው የገብስን ላክልበት።

በ1927 (እኔም በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ኒኮላይ ቫቪሎቭ የሚባል ሩሲያዊ ሀገራችንን ዞረ። የገበሬውን ስንዴ፣ ገብስ፣ ጤፍ ከየማሳው እየለቀመ፣ የት እንዳገኘው እየጻፈ ሄደ። የሰብል ብዝኃነት ከሞላባቸው የዓለም ማዕከሎች አንዱ ኢትዮጵያ ናት ብሎ መዘገበ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሌኒንግራድ ስትከበብ እሱ ይመራው የነበረው የዘር ተቋም ሠራተኞች ከዘሩ ክምችት አጠገብ በረሃብ ሞቱ። አልበሉትም። እሱ ራሱ በ1943 የሞተው በገዛ ሀገሩ መንግሥት እስር ቤት ነው። ሰውየውን ባሰብኩት ቁጥር ይገርመኛል።

ከእኛ ማሳ የሄደ ገብስ ኋላ ላይ ጉድ ሠራ። በ1930ዎቹ የተሰበሰበ የኢትዮጵያ ገብስ፣ ቅጠል ላይ እንደ ዱቄት የሚነሰነሰውን የሻጋታ በሽታ የሚቋቋም ባሕርይ ተገኘበት። ዛሬ የአውሮፓ ገብስ ውስጥ ገብቷል። ካሊፎርኒያ ላይ ገብሱን ቢጫ አድርጎ የሚያቀጭጨውን ቫይረስ የተቋቋሙትም ከእኛ ገብስ በተገኘ ባሕርይ ነው። የሰበሰቡት ሰዎች ስለዚያ ቫይረስ አላሰቡም። ዘሩን ከነቦታው ጽፈው አስቀመጡ፣ በቃ። የአውሮፓ ቢራ ጠጪ ለአበሻ ገበሬ ምስጋና ሲልክ ግን አላየሁም።

እኛም ዘግይተን ቢሆን ጀምረናል። የሰብል ዘር የሚያስቀምጠው ማዕከላችን በ1976 ተቋቋመ። ከ1980 እስከ 2009 ደግሞ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ተሰብስበው በመጻሕፍት ታትመዋል፤ ወደ 6000 ዝርያ። ከእንግዲህ አንድ ተክል ሲጠፋ ቢያንስ ስሙን እናውቃለን።

መምህርት፣ የልጆቹ እናቶች ጓሮ እንሰት አለ አይደል? ሲዳማ ውስጥ እናቶች የእንሰቱን ዓይነት በየስሙ ይለያሉ። ይኼኛው ለቆጮ፣ ያኛው ለቃጫ፣ ሌላው ለተሰበረ አጥንት። ይህንን ማስፈር ባይኖኩላር አይፈልግም።

ጌታሁን_ፒያሳ | ማክሰኞ ማታ 2፡05

ጥሩ ጥሩ ታሪክ ነው ያመጣችሁት። ግን ሁላችሁም የምታወሩት የተሳካውን ነው። ሳጥን ውስጥ ምስጥ የበላው ደብተር ስንት ነው? ሎተሪ የደረሰውን ብቻ እያመጡ «ሎተሪ ግዛ» እንደማለት ነው።

ሐኪመ_እንስሳ | ማክሰኞ ማታ 2፡44

ጌታሁን፣ እስካሁን ከተነሣው ሁሉ ይህ ጥያቄ በለጠብኝ። እውነትህን ነው፣ አብዛኛው ደብተር ምንም አያደርግም። ችግሩ የትኛው እንደሚያደርግ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ያስፈለገህ ቀን ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሰህ መጻፍ አትችልም።

ሕንድ ውስጥ የሆነውን ስማ። እዚያ ጥንብ አንሳ ከመብዛቱ የተነሣ ማንም ቁብ አይሰጠውም ነበር። አንድ ፓርክ ውስጥ ግን በ1980ዎቹ (በፈረንጅ ነው) ጎጆአቸውን ቆጥሮ የጻፈ ተመራማሪ ነበር። በ1990ዎቹ መልሶ ሲቆጥር ግማሹ የለም። ከዚያ ጭራሽ ጠፉ። ሀገሩ ሁሉ ሲታይ ዋና ዋናዎቹ ዝርያዎች ከመቶ ከ95 በላይ አልቀዋል። ምክንያቱ በ2004 ታወቀ። ዳይክሎፌናክ ነው። አዎ፣ እኛም ለወገብ ሕመም የምንውጠው። ለከብት ይሰጣል፤ ከብቱ ሲሞት ጥንብ አንሳው ሥጋውን ይበላል፤ ኩላሊቱ ይቆማል። በ2006 ለከብት መስጠቱ ታገደ። እስከዚያ ጥንቡ ለውሻ ተረፈ። ውሻ በዛ። የእብድ ውሻ በሽታ ምን እንደሆነ ለሐዋሳ ሰው አልነግርም።

ያ ሰውዬ በ1980ዎቹ ባይቆጥር «ኧረ ድሮም እንዲሁ ነበር» የሚል አይጠፋም ነበር።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። እኛ ቄራ ላይ ከሃያ ዓመት በፊት ስንት ጥንብ አንሳ ይወርድ ነበር? ሰው «ኡ፣ ብዙ ነበር» ይልሃል። ብዙ ስንት ነው? ዛሬስ? ነገ አንድ መድኃኒት እዚህ ቢገድላቸው በምን እናውቃለን?

አንድ ልጨምር። እንግሊዝ ሀገር ሰዎች ለመዝናናት የወፍ እንቁላል ይሰበስቡ ነበር። ቀንና ቦታ እየጻፉ መሳቢያ ውስጥ ይደረድሩታል። ከዚህ የባሰ የማይረባ ሥራ አለ? በ1967 ዴሪክ ራትክሊፍ የሚባል ሰው እነዚያን ቅርፊቶች መዘነ፣ ለካ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጭልፊቱ ቅርፊት ድንገት ሳስቷል። እናትየው ስትታቀፈው ይሰበራል። ተጠያቂው ዲዲቲ የሚባለው የተባይ መርዝ ሆነ። ድሮ ወፍራም እንደነበር የመሰከረው ያ መሳቢያ ነው።

የሐይቁ_ልጅ | ማክሰኞ ማታ 3፡10

ይህ የጨለለቃ ታሪክ ነው። ጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ እኛ ሐይቅ ከመግባቱ በፊት የሚያልፍበት ጨለለቃ ራሱ ሐይቅ ነበር። አሁን ረግረግና ግጦሽ ነው። ሐይቅ እንደነበር ከሰማይ የተነሣ ፎቶ አለ። ምን ዓሣ፣ ምን ወፍ እንደነበረበት ግን ፎቶው አይናገርም። የሚያውቁት ሽማግሌዎች ናቸው፤ እነሱም እያለፉ ነው።

ፓይተን_ልጅ | ማክሰኞ ማታ 3፡36

አባትየው ኮዲንግ ብለዋል አይደል? እኔ ኮድ ነው የምጽፈው። መርሊን የሚባል አፕ አለ፤ ስልክህን ከፍተህ ብታቆመው የወፉን ድምፅ ሰምቶ ስሙን ይነግርሃል። ማሽኑ ከየት ተማረው? ሰዎች በማለዳ ተነሥተው ድምፁን ቀርጸው፣ «ይህ እገሌ ነው» ብለው ስም ስለሰጡት ነው። ስም ያለው ዳታ ከሌለ የምጽፈው ኮድ ባዶ ነው። ልጆቹ ደብተራቸውን ኤክሴል ላይ ያስገቡልኝ፣ ፓይተን በነጻ አስተምራቸዋለሁ። በራሳቸው ዳታ። ከሚያሰለቸው የመማሪያ ምሳሌ በስንት ጣዕሙ።

ሰናይት_ታቦር | ረቡዕ ማታ 1፡15

ፓይተን ልጅ፣ ቃልህን ይዤብሃለሁ! አሁን የሥራውን ንገሩኝ። ደብተሩ ላይ ምን ምን ይግባ?

አባ_ኮዳ | ረቡዕ ማታ 1፡52

ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ስንት ሰው እንዳየ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆዩ። ቦታው «አሞራ ገደል» ብቻ ከሆነ አይበቃም፤ «ከዓሣ ገበያው በስተግራ ያለው ሾላ ሥር» ይባል። ስሙን ካላወቁ ይሳሉት እንጂ በግምት ስም አይስጡት። ፎቶ ካነሡ የስልኩ ሎኬሽን ይብራ። በእርሳስ ይጻፉ፤ እስክሪብቶ ውሃ ሲነካው ይፈሳል።

ልጆች የማይወዱት አንድ ነገር አለ። ያላዩትንም መጻፍ አለባቸው። ሄደው ጉማሬ ካጡ «ጉማሬ፣ 0» ይበሉ። ዜሮ የሌለበት ደብተር ግማሽ ደብተር ነው። በየዓመቱ በጥር የሚደረግ ዓለም አቀፍ የውሃ ወፍ ቆጠራም አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ። እዚያ ድረስ ከለመዱ እኔ ይዣቸው እወጣለሁ። ከመስከረም እስከ መጋቢት ከአውሮፓ የሚወርዱት እንግዶችም ስላሉ ሐይቁ ይደምቃል።

እባክሽ ደግሞ ጉሬዛውን ኦቾሎኒና ዳቦ አታስመግቢያቸው። ሆዱ የተሠራው ለቅጠል ነው። ጦጣዋ ሙዝ ብትነጥቅ የራሷ ጉዳይ፤ እሷ የማትበላው የለም።

እትዬ_ነርስ | ረቡዕ ማታ 2፡03

ኮፍያና ውሃ ይያዙ። ቁርስ ሳይበሉ አይውጡ።

ጌታሁን_ፒያሳ | ረቡዕ ማታ 2፡20

እኔ ኮዲንጉን አልተውም፤ የፓይተኑ ልጅ ግን ጥሩ አድርጎ መለሰልኝ።

መምህርት፣ ምክር ልስጥሽ፤ ነጋዴ ስለሆንኩ ስብሰባ ላይ ሰው ምን እንደሚሰማ አውቃለሁ። የፈረንጁን እንቁላል ተዪው። እንቁላል ያልሽ እንደሆነ አዳራሹ እንደገና ይስቃል። በቄራውና በውሻው ጀምሪ፤ ሰፈሩ ውስጥ ልጁን ውሻ ያላሳደደበት ወላጅ የለም። ከዚያ ሮቶውን ጥቀሺ፤ ሁላችንም ጣሪያ ላይ አለን። ዓሣ አጥማጁን ይዘሽ ብትገቢ ደግሞ ይበልጥ ይሰማሻል። ገንዘቡን መጨረሻ ላይ ጠይቂ፣ ቁርጥ ያለ ዋጋ ይዘሽ። ባይኖኩላሩ አዲስ ነው ወይስ ሰልቫጅ? ስንት አሉሽ?